ዜሮ የሰጠሁት መልስ

እኛ ትምህርት ቤት፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ፣ «ምርጥ ተሞክሮ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሰማያዊ ፋይል አለ። ውስጡ ስለ እኔ የተጻፈ ሦስት ገጽ ነበር። «መምህርቷ ራሷን ለአደጋ አጋልጣ ተማሪዋን ከሞት ያተረፈችበት የመስክ ትምህርት» ይላል። ውሸት ነው። ከርዕሱ እስከ ማህተሙ ድረስ ውሸት ነው! ሦስቱን ገጽ በገዛ እጄ ገንጥዬ አወጣሁት፤ ወሬውን ግን ማን ይገንጥልልኝ? ዛሬም ይጁቤ ገበያ ስወጣ «ያቺ ጀግና አስተማሪ መጣች» የሚል አይጠፋም። በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስለዚህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ እስኪ አንድ ጊዜ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ አስፋልት ዳር ነው። ያኔ ከይጁቤ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ማስተማር ከጀመርኩ ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ቁጡ ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አንቺ ዝም በይ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ካደግሁ በኋላም መምህራን ክፍል ሐሳብ ስሰጥ ወንዶቹ ሻያቸውን ያማስላሉ፤ ያንኑ ሐሳብ ከመካከላቸው አንዱ ሲደግመው «ድንቅ ነው!» ይባላል። እኔም መጮህ ለመድኩ። የማስተምርበት ክፍል ስገባ ግን ማን ሊያቋርጠኝ! እዚያ ንግሥት ነበርኩ። ዝም በይ ስባል የኖርኩትን ሁሉ እዚያ ነበር የምወጣው።

በጣም የምወደው ትምህርት የአጭር ልብ ወለድ አላባውያን ነው፦ መቼቱ፣ ግጭቱ፣ ልብ ሰቀላው፣ ንግሩ። ልጆቹ በምሳሌ ካልሆነ ስለማይገባቸው የራሴን ታሪክ ጻፍኩላቸው። አንድ የጨው ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ይመጣበትና ወንዙ መሐል ያለ ዓለት ላይ ብቻውን ይቀራል። ይተርፋል ወይስ አይተርፍም? ልብ ሰቀላው እሱ ነው። አጀማመሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ተራራውን አናጋው። ነጋዴው ግን በቅሎውን ወደ ውሃው ነዳ።» ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ኩራቴ ጣራ ነካ። ሰሌዳው ላይም በትልቁ ጻፍኩ፦ «ንግር ማለት ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ምልክት ነው። ምሳሌ፦ የሰማዩ መጥቆር።»

የሻረግ እጇን ያወጣችው ያኔ ነው።

የሻረግ ከወንዙ ማዶ የምትመጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። አርብ ከትምህርት ስትወጣ ወንዙን ተሻግራ አገሯ ትገባለች፤ እሑድ የሳምንት ስንቋን፣ እንጀራዋን፣ ሽሮዋን፣ ቆሎዋን አዝላ ያንኑ ወንዝ ተሻግራ ትመለሳለች። ክፍል ውስጥ አትናገርም። በዓመት ውስጥ ድምጿን የሰማሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው።

«ቲቸር፣ ነጋዴው የዚህ አገር ሰው ነው?» አለችኝ።

«ነው። ምነው?»

«ሰማዩ ሲጠቁር እያየ ከገባማ ሞኝ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«ደግሞም ቲቸር፣ ደራሽ ሲመጣ እዚህ ፀሐይ ነው። የሚዘንብ ጮቄ ተራራ ላይ ነው። ሰማይ አይነግርዎትም። ቀድሞ የሚመጣ ሽታው ነው።»

«የምን ሽታ?»

«የአፈር፣ የእበት። አሁን የታረሰ መሬት ይሸታል። ወዲያው ውሃው ይከተላል።»

«የሻረግ፣» አልኳት፣ «ይሄ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ አይደለም። ልብ ወለድ ነው። ሰማዩ የጠቆረው ድባብ ለመፍጠር ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

ከሳምንት በኋላ ፈተና ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ «በታሪኩ ውስጥ አደጋ እንደሚመጣ በንግር የተጠቆመው በምንድን ነው?» የሚል ነበር። ሌሎቹ በሙሉ «በሰማዩ መጥቆር» ብለው ጻፉ። የሻረግ ደግሞ በዚያች ክብ ክብ በምትል ጽሕፈቷ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «በምንም አልተጠቆመም። ደራሽ ሰማይ አያጠቁርም። ነጋዴው ሽታውን ቢሰማ ኖሮ ዓለቱ ላይ አይቀርም ነበር።» እኔ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ ዜሮ ሰጠኋት። ከጎኑም «ከጥያቄው አትውጪ» ብዬ ጻፍኩበት። እስኪ ልብ በሉልኝ! በየሳምንቱ ወንዝ ተሻግራ የምትማር ልጅ ስለ ወንዝ ብትነግረኝ፣ ወንዝን ከድልድይ ላይ እንጂ አይቼ የማላውቅ እኔ ዜሮ ሰጠኋት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና «ያንቺ ታሪክ ስለ ወንዝ አይደል እንዴ? ወንዙስ ይኸው አጠገባችን አይደል? ልጆቹን ይዘሽ ውረጂና እዚያው አስተምሪ። ተማሪ ተኮር ማለት እሱ ነው። ፎቶ ማንሳቱን እንዳትረሺ» አለኝ። በእሱ ላላክክ አልፈልግም። ሐሳቡን ስሰማ እኔም ፈንድቄያለሁ። መቼቱን በዓይናቸው አይተው ሲማሩ ታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አርባ ሦስት ተማሪ አስከትዬ ወረድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልጆቹ ደብተራቸውን አናታቸው ላይ ደፍተው እየተሳሳቁ ነው የሄዱት። ወንዙ በዚያ ወራት ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ጠጠሩ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ሰፊ ዓለት አለ፤ ወደ አንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ሁለት ሰው የሚያቆም ጉብታ አለው። ልክ የእኔ ነጋዴ የቀረበት ዓይነት ዓለት!

ተማሪዎቹን ወዲህኛው ዳር ሣሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ዓለቱ ላይ ሆኖ የሚያነብ አንድ ሰው ፈለግሁ። ማንን የመረጥኩ ይመስላችኋል? «የሻረግ፣ አንቺ ወንዝ አዋቂ አይደለሽ? ነይ አንብቢልን» አልኳት። ለክብሯ አልነበረም። ቂም ይዤባት ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጋር ቂም!

ጫማችንን አውልቀን ዓለቱ ላይ ወጣን። ማንበብ ጀመረች። ነጋዴው ከቤቱ ወጣ፣ ሚስቱን ተሰናበተ፣ ገበያ ዋለ። ግማሽ ገጽ ካነበበች በኋላ በአረፍተ ነገር መሐል ቆመች። ቀና ብላ ወንዙ ወደሚመጣበት አየች፤ አፍንጫዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«ቲቸር፣ እንውጣ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሸተተኝ።»

ዳር ላይ ያሉት ሳቁ። ሀብታሙ የሚባለው አፈኛ «ቲቸር፣ ምሳዋን ነው የሸተታት!» አለ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ አንዲት ጭረት ደመና የለችበትም። በፈተናው ልትበቀለኝ መሰለኝ።

«እዚህ ድረስ መጥተሽ ስለ ፈተናው ልትከራከሪኝ ነው? ቀጥዪ!»

ቀጠለች። ሁለት መስመር አነበበችና እንደገና ቆመች፤ በዚህ ጊዜ ግን ተነሥታ ነው።

«ቲቸር፣ በማርያም እንውጣ። ውሃውን ይዩት፣ ገለባ ይዟል።»

አየሁት። እውነት ነው፤ ጥቂት ገለባ በውሃው ላይ እየተሽከረከረ ያልፍ ነበር። ገለባ ምን ይነግረኛል? አርባ ሁለት ተማሪ እያየኝ ነው። ክፍሌ ነው፤ የማልቋረጥበት ቦታ ነው።

«ተቀመጪ!» ብዬ ጮህኩባት። «ተቀመጪና አንብቢ!»

አየችኝ። ውሃውን አየች። ከዚያ ተቀመጠችና አነበበች፦ «ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ተራራውን አናጋው…»

ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው። ደጀን ቁልቁለት ላይ የተጫኑ መኪናዎች ተከታትለው ሲወርዱ የሚሰማው ዓይነት ጉምጉምታ። የሻረግ ወረቀቱን ወርውራ ዳር ወዳሉት «ውጡ! ወደ ላይ ውጡ!» እያለች ጮኸች። እነሱ ተንጋግተው ወደ አፋፉ ሮጡ። እኛም ልንወርድ ስንል ቡናማ ውሃ ከነግንዱ ከነቅጠሉ በእኛና በእነሱ መሐል አለፈ። መጀመሪያ ጉልበት ድረስ፣ ትንፋሽ ሳልስብ ወገብ ድረስ። አንድ እግሬን ወደ ውሃው ዘርግቼ ነበር፤ የሻረግ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። ባትጎትተኝ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

አፋፉ ላይ ያሉትን ቆጠርኩ። አርባ ሁለት፤ ሁሉም ወጥተዋል። ዓለቱ ላይ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ዋና አልችልም። «እመቤቴ ድረሽልኝ! እመቤቴ ድረሽልኝ!» እያልኩ እንደ ልጅ አለቀስኩ።  የሻረግ ግን ውሃውን ለአፍታ አየችና ዘወር ብላ «ቲቸር፣ ጠመኔ ይዘዋል?» አለችኝ።

ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሁልጊዜም አይጠፋም። ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ዓለቱ ላይ መስመር አሰመረች።

«ይችን ካለፈ ወደ ጉብታው እንወጣለን። እስከዚያ አይንቀሳቀሱ። ነጠላዎን ይስጡኝ።»

ነጠላዬን ከራሷ ነጠላ ጋር ቋጥራ ወገባችንን አንድ ላይ አሰረችን።  ወይ ጉድ! በቀይ እስክሪብቶ «ከጥያቄው አትውጪ» ያልኳት ልጅ አሁን በእኔ ጠመኔ ትምህርት ትሰጠኛለች። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር። ከእሷ ጋር በነጠላ ታስሬ፣ ሞት እግሬን እየላሰኝ፣ ያቺ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። እዚያም ሆኜ መምህር ነበርኩ!

መስመሯ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ጠፋች። ወደ ጉብታው ወጣን። ሁለተኛ መስመር አሰመረች። እሷም ጠፋች። ሦስተኛዋን ያሰመረችው እግራችን ሥር ነው፤ ከእሷ በላይ ሌላ የሚሰመርበት ቦታ የለም።

ወዲያኛው ዳር ያሉ አራሾች የልጆቹን ኡኡታ ሰምተው በሬያቸውን እየፈቱ መጡ። ዓለቱ ከእነሱ ወገን ይቀርባል፤ ቢሆንም ውሃው ስለሚያጓራ የሚሉት አይሰማም። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሰው ጋቢያቸውን ጥለው እስከ ጉልበታቸው ገቡና በሁለት እጃቸው «ዝቅ በሉ፣ ዝቅ በሉ» የሚል ምልክት አሳዩ።

«አባየ ነው» አለች የሻረግ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ።

አባቷ አያ ስመኘው ናቸው። አብረዋቸው ካሉት አራሾች የቀንበሩን ጠፍር፣ የጭነቱን ገመድ፣ ያገኙትን ሁሉ ሰብስበው ሲቀጣጥሉ አየኋቸው። ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ወረወሩ፤ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ሰብስበው ደግመው ወረወሩ፤ ዓለቱን ነክቶ ተንሸራተተ። ሦስተኛውን ሲወረውሩ የሻረግ ደረቷ ላይ ተኝታ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እኔ እግሮቿን ይዣለሁ። ያዘችው! በዚያን ቀን አንድ የረባ ነገር ሠርቻለሁ ከተባለ እግሮቿን መያዜ ብቻ ነው።

ጠፍሩ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚያወጣው። የሻረግ ነጠላውን ከወገባችን ፈታችና ጠፍሩን ወደ እኔ አቀረበች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

እኛ አገር በር ላይ ታላቅ ይቀድማል፤ ማዕድ ላይ ታላቅ ይቀድማል፤ መምህር ከሁሉ ይቀድማል። ልጅቱ ያደገችበትን ነው የተናገረችው። እኔስ ምን አልኩ? «አይሆንም፣ አንቺ ቅደሚ» አልኩ? ፋይሉ እንደዚያ ነው የሚለው። አላልኩም። «እሺ» አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳላንገራግር «እሺ» ብዬ ወገቤን ሰጠኋት፤ አስራ ሰደደችኝ።

ውሃው አፌንም አፍንጫዬንም ሞላው። ሲጎትቱኝ ድንጋይ ጉልበቴን ገመሰው። ሦስት ሰው በብብቴ ይዘው ጭቃው ላይ ጣሉኝ። ቀና ስል የሻረግ ብቻዋን ቆማለች። ከእግሯ ሥር የነበረችው መስመር የለችም።

አያ ስመኘው ጠፍሩን መልሰው ወረወሩ። ሳተ። እንደገና ወረወሩ፤ ሳተ። አሁን እኮ እግሯን የሚይዝላት ሰው የለም! ውሃው ጉልበቷ ጋ ደረሰ። በአራተኛው ያዘችውና ወገቧ ላይ ማሰር ስትጀምር ከላይ ያ ጉምጉምታ እንደገና መጣ። ሁለተኛው ደራሽ። አንዱ አራሽ «ሳትቋጥረውም ቢሆን ጎትቱ! ጎትቱ!» ሲል ሰማሁ። ጎተቱ። ጠፍሩን በእጇ ጠምጥማ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ወዲያው ሥሩ የተነቀለ ግንድ መጥቶ ከላይዋ አለፈ። ጠፋች።

ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አያ ስመኘው ጠፍሩን እየተከተሉ እስከ ደረታቸው ገቡ፤ ሁለት ሰው ከኋላ ቀበቷቸውን ይዟል። አንዴ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሰደዱና በሹሩባዋ ይዘው አወጧት። ጠፍሩ እጇ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። አትተነፍስም። በሆዷ ጉልበታቸው ላይ ደፍተው ጀርባዋን በመዳፋቸው መቱት፣ መቱት። እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ በልቤ «እኔን በወሰደኝ» አልኩ። ያኔ እውነቴን ነበር፤ ግን ምን ይረባል? ለዚያ ለዚያማ ቀድሜ ባልወጣሁ።

አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ምት ላይ ውሃው ከአፏ ወጣ። ሳለች። ዓይኗን ከፈተችና የመጀመሪያ ቃሏ ምን ነበር መሰላችሁ?

«ቲቸርስ?»

አያ ስመኘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ። «አንቺ ባለሽበት እንዴት ሆነ?» አሉ። «ደራሹ ሳይሸትሽ ቀርቶ ነው?»

 የሻረግ አባቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ድንገት ነው የመጣ አባየ። ማናችንም አላወቅን» አለች።

 አባቷ ጥለውት የገቡትን ጋቢ አንስተው ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ አስተማሪዋ፤ ውሃው ሲከባት ልጄን ብቻዋን አልተውሽብኝም» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። አሜን ብዬ ምርቃቱን ተቀበልኩ! ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይቺ አሜን ናት።

ሲመሽ በድልድዩ በኩል ዞረን ከተማ ስንደርስ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «እግዜር ይመስገን፣ እግዜር ይመስገን» ካለ በኋላ ቀጥሎ የጠየቀኝ «ፎቶ አላነሳሽም እንዴ?» ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ ጉልበቴ እየደማ ነው የቆምኩት። በሳምንቱ ሪፖርቱ ተጽፎ ማህተም ተመታበት። አነበብኩት። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ክፍል ስገባ የሻረግ ያቺው ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ትገልጣለች፤ አንድም ተማሪ ስለ ሽታው አያነሣም። አርባ ሦስቱም ገመናዬን ሸፈኑልኝ። እንደዚህ አድርገን ነው ያሳደግናቸው።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ርዕሰ መምህሩ ሪፖርቱን በድምፅ ማጉያ አነበበው፤ ሰው አጨበጨበ፤ ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። አያ ስመኘው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከየሻረግ ጎን ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ አያጨበጭቡም። «መምህርታችን ጥቂት ቃል ትናገርልን» ተባልኩ። ማጉያውን ስይዝ ላመሰግን ነበር ያሰብኩት፤ በእውነት ላመሰግን ነበር። የሻረግን ሳያት ግን አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ትቆጥራለች።

«ይሄ የተነበበው ሁሉ ውሸት ነው» አልኩ።

 ርዕሰ መምህሩ እጅጌዬን ይዞ በሹክሹክታ «ድንጋጤው አልለቀቀሽም፤ ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀመጪ! ያቺኑ ቃል!

«አልቀመጥም!» አልኩት፤ ማጉያው ላይ ስለነበርኩ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። «የሻረግ ደራሹ ከመምጣቱ በፊት እንውጣ ብላኛለች። ሸተተኝ ብላኛለች። እኔ ነኝ ጮኼባት ያስቀመጥኳት። ዓለቱ ላይ እኔን ከሞት ያተረፈችኝ እሷ ናት። ጠፍሩ ሲመጣም የቀደምኩት እኔ ነኝ።»

አያ ስመኘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ስንት ጊዜ አለችሽ?»

«ሁለት ጊዜ፣ አያ ስመኘው።»

«መቅደምሽንማ አይቻለሁ፤ የጎተትሁሽ እኔ ነኝ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ከፍ አለ። «አንቺ! ሸትቶሽ ሳለ፣ ውሃው እንደሚመጣ እያወቅሽ፣ ለምን ተቀመጥሽ?»

የሻረግ ተነሥታ ቆመች። ጥያቄው የገረማት ትመስል ነበር።

«ቲቸር ተቀመጪ ስላሉኝ» አለች።

 አያ ስመኘው ፊታቸውን ከልጃቸው አዞሩ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኋት» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአዳራሹ። «አስተማሪ ሲናገር ዝም፣ ሽማግሌ ሲናገር ዝም፣ ቄስ ሲናገር ዝም ብየ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ወንዙ ያስተማራትን እኛ ተባብረን አፏ ላይ አፈንነው።» ከዚያ ተቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት። ይቅር ብየሻለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ ለማለት ፊት አልነበረኝም።

በማግስቱ የየሻረግን የፈተና ወረቀት አስመጥቼ ዜሮውን ሰርዤ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። አየት አድርጋው «ቲቸር፣ ውጤት እኮ ተዘግቷል» አለችኝና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ታሪኩን ዛሬም አስተምራለሁ፤ አጀማመሩን ግን የጻፈችው እሷ ናት፦ «ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ነጋዴው አፈር አፈር የሚል ነገር ሸተተው።» ከእኔ የተሻለ ንግር ነው፤ ይህን ለማወቅ አንዲት ልጅ በሹሩባዋ ተጎትታ መውጣት አልነበረባትም።

ከዚያ ወዲህ «ተቀመጪ» የምትለዋን ቃል ለማንም ተማሪ ተናግሬ አላውቅም። ንዴቴ ግን አልለቀቀኝም። በራሴ እናደዳለሁ፣ በዚያ ፋይል እናደዳለሁ፣ ልጆቻችንን እያወቁ እንዲቀመጡ ባደረግን በሁላችንም እናደዳለሁ። እናንተም መምህራን፣ ወላጆች፣ በየቢሮው ያላችሁ አለቆች፣ ከእናንተ የምታንስ አንዲት ልጅ ተነሥታ «ሸተተኝ» ካለቻችሁ ሰማዩን ቀና ብላችሁ አትዩ። መጀመሪያ ተነሡ፣ ውጡ። ትክክል ትሁን አትሁን ዳር ላይ ቆማችሁ ትከራከራላችሁ።